እሁድ እድር አለ

ቪዲዮው የወጣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ሐጀራ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስኳ ውስጥ ቆማ የሰው ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትናገር ያሳያል። የሚቀርጸው ሰው ፊቱ አይታይም፤ ድምፁ ግን ይሰማል። «ይቺ ናት፣ እዩዋት! ስልካችሁን አምናችሁ የምትሰጧት ሌባ! እየከፈተች ወሬያችሁን የምትለቅም ጆሮ ጠቢ!» ይላል። ማክሰኞ ጠዋት አንድም ጠያቂ ስልኩን አልሰጣትም። በእርግጠኝነት የማውቀው ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ ንዴት ነው።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ገባሁ፤ መተኛት ነበረብኝ፤ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤበታለሁ፤ ፀሐይዋ ግን በጠርዙ ሾልካ ገብታ ትራሴ ላይ ተቀምጣለች፤ ከታች የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ አንዱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ጎረቤቴ ልጇን በስዋሂሊ እየተቆጣች ሰዓት ትነግረዋለች፤ እዚህም ሰዓት እንደኛ ነው የሚቆጠረው፣ አምስት ስትል አምስት ማለቷ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው በፈረንጅ ሰዓት የምንኖረው። እንቅልፍ የለም። ዓይኔን ስጨፍን ያ ድምፅ ይመጣል። ይቺ ናት፣ እዩዋት። በጣም የሚያናድደኝ «ይቺ» ማለቱ ነው፤ ሌባ ከማለቱ በላይ። የስልሳ ዓመት ሴት፣ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሐጀራ የሚላት፣ ይቺ።

ሥራዬ ስድብ ማንበብ ነው። ለእናቴ እንዲህ ብዬ ነግሬያት አላውቅም፤ «ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ነው ያልኳት፣ እሷም «ሒክማ ቢሮ ገባች» ብላ ለሰፈሩ አውጃለች። ቢሮው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ተደርድረን እንቀመጣለን፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ በአማርኛ የተነገረ፣ ሰው ለሰው ኢንተርኔት ላይ የወረወረው ክፉ ነገር ሁሉ ፊቴ ላይ ይመጣል፤ እኔ የእንግሊዝኛ ስም እሰጠዋለሁ። የሚወስነው ስሙ ነው። በአንዱ ስም ከተጠራ ይጠፋል፣ በሌላው ከተጠራ ይቆያል። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና እሠራ ነበር፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፤ ጣቢያው ሲዘጋ ይህ ሥራ ተገኘ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን አሉ፣ መጣሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብሎ የሚጠይቅ እዚህ የለም። ምን ይባላል ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ የሠለጠንን ቀን አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ መሰላል ሣለች። ታችኛው እርከን ላይ ክሪቲሲዝም ብላ ጻፈች፤ ትችት፤ ይፈቀዳል። ከሱ በላይ ሪዲኪዩል፣ ሰው ላይ መሳቅ። ከሱ በላይ ቤሊትል፣ ሰውን ማሳነስ። ከሱ በላይ ዲስፓሬጅ፣ ከሱ በላይ ዲኒግሬት፣ ሁለቱም ማንቋሸሽ፤ ጫፉ ላይ ስላንደር፣ በውሸት ስም ማጥፋት። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው በዲስፓሬጅና በዲኒግሬት መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው ብለን ጠየቅን፤ ጥሩ ጥያቄ ነው አለችና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። ከዚያ ስለ ተራ ግለሰብ የሚነገር ነገር ሲመጣ የተባለለት ሰው ራሱ መጠየቅ አለበት አለች፤ መልእክት ይላክለታል፣ ይጥፋ ወይስ ይቆይ ይባላል፤ የመለሰው ለማንም አይነገርም፣ ከዘመዱም ከባለሥልጣንም ይጠበቃል፤ ይቆይ ካለ፣ የቱንም ያህል ቢመርር፣ ነገሩ ከመሰላሉ ታች ይወርድና ክሪቲሲዝም ይባላል። መጎዳቱን የሚያውቀው ተጎጂው ነው አለች። ያን ጊዜ ሚዛናዊ መስሎኝ ነበር። ይጥፋ በል ተብሎ የሚለመን ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስብ።

ዲስፓሬጅ። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት፤ የሳል ሽሮፕ ስም ይመስላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ። እነዚህ ቃላት ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ከረባት አስረው የመጡ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ደም የለም። ያ ሰውዬ እናቴን ዲስፓሬጅ አላደረጋትም። አንቋሸሻት። አዋረዳት። ስሟን አጠፋው። ዘለፋት፣ አብጠለጠላት፣ ለአላፊ አግዳሚው ጣላት። የኛ ቃል ሲባል ሰውዬው ሲተፋ ይታያል፤ የእንግሊዝኛው ሲባል ግን አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማኅተም ሲመታ ነው የሚሰማኝ። እኔም ማኅተም መቺ ነኝ። በየሌሊቱ የስንቱን እናት ስም በጣቴ ጠቅ አድርጌ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን ይቺ ሴትዮ ነገ ጠዋት የት ነው የምትቆመው ብዬ አስቤ አላውቅም።

የእኔዋ የምትቆምበትን አውቃለሁ። እስረኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ስልክ ይዞ አይገባም፤ ስለዚህ ከበሩ ማዶ ስልክ የሚያስቀምጡ ኪዮስኮች በመደዳ አሉ፤ የእናቴ መጨረሻ ላይ ነው፣ የጭነት መኪኖቹ የሚዞሩበት፣ አቧራው የማይለቀው። ሌሎቹ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይሰጣሉ፤ እናቴ ቁጥር ማንበብ ስለማይሆንላት ትንንሽ የጨርቅ ከረጢት በእጇ ሰፍታለች፤ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ አንድ የኮት ቁልፍ አለ፣ መንታው ለጠያቂው ይሰጣል፤ ቀይ ለቀይ፣ የእንጨት ለእንጨት፣ ጠርዙ የተሸረፈ ጠርዙ ለተሸረፈ። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ቢመጣ ማንን ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ስንቁን በምን እንደያዘ፣ ከማን ጋር ሲጨቃጨቅ እንደነበር ትነግረዋለች፤ ስልኩን ከዚያ በኋላ ነው የምትሰጠው። አማና ነው፣ አደራ ነው ትላለች። ያስቀመጥከው ዕቃ ሳይሆን አንተ ራስህ ነህ እሷ ዘንድ የተቀመጥከው የምትል ይመስላል አያያዟ።

አንድ ልማድ ደግሞ አላት። ከረጢት ውስጥ ያለ ስልክ ቢጮህ ትተወዋለች፤ ደግሞ ቢጮህም ትተወዋለች፤ እንደገና ከጮኸ ግን የጨነቀው ሰው ነው ብላ ታነሳና «ባለቤቱ ውስጥ ገብቷል፣ ደኅና ነው፣ ሲወጣ ይደውልልሃል» ትላለች። ከገጠር የመጣ ሰው ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ስልኩ አልነሳም ሲል ቤተሰቡ እሱንም አሰሩት ብሎ ነው የሚያስበው፤ ይህንን ማንም አላስተማራትም፤ አንድ ቀን አንዲት ሴት እንዲያ ብላ በስልክ ስታለቅስ ሰምታ ጀመረችው። የቆዩ ጠያቂዎች ሲወጡ «እትዬ ሐጀራ፣ ማን ደወለልኝ?» ብለው ነው ቁልፋቸውን የሚዘረጉት። ቪዲዮው የቀረጸው ይህንኑ ነው። በዜና ክፍል ቋንቋ ምስሉ እውነት ነው፣ ማብራሪያው ውሸት ነው። ለዚህ የሚሆን እርከን መሰላሉ ላይ የለም።

ማክሰኞ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ታነሳለች።

«እማ፣ አየሽው?»

«ሙህሲን አሳየኝ።» ሙህሲን ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፣ አቃቂ ባጃጅ ይነዳል።

«ማነው?»

«ሰው ነዋ።»

«እማ! ተናጋሪው ማነው እያልኩሽ ነው።»

«ምሳ በላሽ አንቺ? በፎቶ ስትታዪ ከስተሻል አለኝ ሙህሲን።»

«ምሳ አትበዪኝ አሁን! አስጠፋዋለሁ። ሥራዬ እኮ ነው፣ ይኼንን ነው የምንሠራው።»

ከባድ መኪና አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቀች። «እሁድ እድር አለ» አለችኝ።

«እስከ እሁድማ ድራሹ ይጠፋል!»

«ድራሹ ከጠፋማ…» አለችና መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋችው፤ ከእሷ ጋር ይህ መቼም አይለይም።

እድር አለ አለችኝ። እንጀራዋ ተዘግቶ፣ ስሟ በሰው ስልክ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ፣ እሷ እድር ትላለች። የእድራቸውን ሥርዓት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜም ጠልቼዋለሁ። ዳኛው አቶ ጉዲሳ ናቸው፤ ዛሬ መጋዘን የቆመበትን መሬት አባታቸው ያርሱት ነበር፤ ለቅሶም ጠብም የሚያዩት እሳቸው ናቸው። የስድብ ጉዳይ ሲቀርብ ተሳዳቢው ይቆማል፣ የተሰደበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፣ የተባለው ነገር እንዳለ፣ ሳይቀነስ፣ በጉባኤው ፊት ይደገማል። «እንዲህ ዓይነት ነገር ብሏታል» አይባልም፤ ራሱ ነው የሚለው፣ ዓይኗን እያየ። መድገም ከቻለ ምስክር ያመጣል፤ ካልቻለ ባፈረሰበት ቦታ ይጠግናል። ተማሪ እያለሁ አንድ ሰውዬ ለጎረቤታችን የተናገረውን ሲደግም አይቼ ተናድጄ ገባሁ። ሴትየዋን ሁለት ጊዜ ነው የሰደቧት፣ ይኼ ጭካኔ ነው አልኳት እናቴን። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ሁለተኛው ለሱ ነው» አለችኝ። አልገባኝም፤ አሁንም አይገባኝም፤ ናይሮቢ ስመጣ ስለ ሥራው ደስ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፣ እዚህ ማንም ስድቡን ሁለተኛ እንዲሰማ አይገደድም፣ ጠቅ፣ አለቀ።

ጠቅ ማድረግ ግን አልችልም። የቤተሰብ ጉዳይ መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ይባረራል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሰው በራሴ ስልክ አቤቱታ አስገባሁ፤ የተሰደበችው ሴት የምትገኝበት ስልክ በሚለው ላይ የሙህሲንን ቁጥር ሞላሁ፣ የእናቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ እንዲህ ያለ መልእክት አይቀበልም። ለሙህሲንም ነገርኩት፤ በእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣልሃል፣ አንቺ ነሽ ወይ፣ ይጥፋ ወይ ይላል፣ አዎ የሚለውን ተጫን።

«ቀላል! አቦ አትጨናነቂ» አለኝ።

ረቡዕ ማታ ልወጣ ስል ደወልኩለት። «መጣ?»

«ምኑ?»

«መልእክቱ ነዋ!»

«ኧረ ሒኩ፣ እዚህ ኔትወርክ ራሱ የለም። ሰው ጭኛለሁ፣ ቆይ እደውላለሁ። ኧረ ጠጋ በሉ ከኋላ! አንቺን አይደለም።»

አልደወለም። ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ሥራ ልንጨርስ ስንል፣ ስልኬ ላይ የውሳኔ ማሳወቂያ መጣ። ተመልክተነዋል። ክሪቲሲዝም። ይቆያል። ሁለቴ አነበብኩት። በአማርኛው ወረፋ በዚያ ሌሊት የነበርነው ሁለት ነን፣ እኔና ዘአማኑኤል። እኔ አልነካሁትም። እንግዲህ መልእክቱን እንኳን ሳይልክ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ታችኛውን እርከን ለጥፎ አልፎታል ማለት ነው፤ ሙህሲን አልመጣም እያለኝ ነዋ። ዘአማኑኤል እንዲህ ያደርጋል? በመጣሁ ሰሞን ቤት ያገኘልኝ እሱ ነው፤ ሕጉን አንድ በአንድ ያስረዳኝ እሱ ነው፣ የሚያስጠላ ነገር አይተሽ ስትጨርሺ ተነስተሽ ውኃ ጠጪ ያለኝ እሱ ነው። እንዲህ ያደርጋል፤ ለምን አያደርግም፤ ስህተት እንዳይገኝበት የሚፈራ ሰው ነው፣ ሲያስነጥስ እንኳን ዙሪያውን ያያል።

የድርጅቱ አውቶብስ ጠዋት ወደየሰፈራችን ያደርሰናል። እሱ መስኮት ጋ ምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ቆሜያለሁ።

«ዘአማኑኤል፣ አንተ ነህ?»

«ስለ ሥራ እዚህ አናወራም ሒክማ።»

«ስለ ሥራ ማን አወራ? ስለ እናቴ ነው! ሌባ ስትባል ትችት ነው? ጆሮ ጠቢ ስትባል ትችት ነው?»

«ቁጭ በይ፣ መኪናው ይጥልሻል።»

«ይጣለኝ! አንተ ፈሪ! አንተ ቦቅቧቃ! የሰጡህን ቃል እየላስክ የምትኖር! ያንተ እናት ብትሆን ትችት ትለው ነበር?»

አጠገቤ ያለችው ኬንያዊት «ፖሌ፣ ፖሌ» ትላለች፣ አይዞሽ መሆኑ ነው፣ ለማናችን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከኋላ በሌላ ቋንቋ ወረፋ የሚሠሩ ሁለት የኛ ልጆች አሉ፤ አንደኛው «ዜድ፣ ዛሬ ገባልህ!» ብሎ ሳቀ። ዘአማኑኤል አልሳቀም። ምሳ ዕቃውን ከጉልበቱ አንስቶ እግሩ ሥር አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሳው።

«ለእናትሽ ደውለሻል?» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው።

«የእናቴን ስም አታንሳ!»

ከሰፈሩ በፊት ወረደ። በመስኮት አየሁት፣ መንገዱ ዳር ቆሞ አውቶብሱ እስኪሄድ ይጠብቃል። ደስ አለኝ። ይህንን መሸሸግ አልፈልግም፤ በዚያ ሳምንት ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዓርብ እደውላለሁ፣ አታነሳም። ቅዳሜ እደውላለሁ፣ ሙህሲን አንስቶ «ተኝታለች» ይላል፣ በጠራራ ፀሐይ። እናቴ ቀን ተኝታ አታውቅም። ኪዮስኩ ተከፍቷል ወይ ስለው ተከፍቷል ይላል። ስልክ አስቀመጠች ወይ ስለው «ሀይረዲን ጋ ነው ሰዉ የሚሰለፈው» ይላል። ሀይረዲን የእናቴ የአክስቷ ልጅ ልጅ ነው፤ እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው ከስልጤ ያስመጣችው፣ አግኝቼው አላውቅም፤ ከኪዮስኳ ጎን ቦታ ለምና አሰጠችው፣ ሥራውን አስተማረችው። ሰዉ አጠገቧ ወዳለው ቢሄድ ይሻላል፣ ቢያንስ ዘመድ ነው፣ ምሳዋን ያመጣላታል፣ ከጎኗ አይለይም ብዬ ተጽናናሁ። በሌላው ሁሉ ግን ተናደድኩ። በሙህሲን ተናደድኩ፣ አንድ ቁልፍ መጫን አቅቶት። በጠያቂዎቹ ተናደድኩ፣ ስንት ዓመት ማን ደወለልኝ እያሉ ወጥተው። በራሴ ተናደድኩ፣ ስድብ በጅምላ ወደሚታጠብበት አገር መጥቼ የአንዲት ሴት ስም ማጠብ አቅቶኝ። ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈውን አነባለሁ፤ አታንብቢ የሚለኝ የለም። «ፊቷ ራሱ ያስታውቃል።» ቤሊትል። «ስልኬን ለእሷ ከምሰጥ ለእስረኛው ልስጠው።» ሪዲኪዩል፣ ሺህ ሰው ስቆበታል። «ስልኩ ላይ ያለውን ብር ልትወስድ ነው የምታነሳው አሉ።» ስላንደር። ከአንዱ ወደ አንዱ እሄዳለሁ፣ በጣቴ አየር ላይ ጠቅ አደርጋለሁ፣ ምንም አይጠፋም። አንዲት ሴት ብቻ «እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ባለቤቴ ታስሮ እያለ እናቱ ስትደውል ያረጋጓት እሳቸው ናቸው» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሯ «ስንት ከፈለችሽ?» ይላል።

ዛሬ እሁድ ነው። ያቺ ፀሐይ ከትራሴ ወደ ግድግዳው ሄዳለች። እድሩ አሁን ተሰብስቧል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ እናቴ ሻሿን አስተካክላ ከፊት ተቀምጣ፣ ያ ቃል እንደገና ሊነገራት ነው፤ ይኼን ሁሉ ያደረገው ዘአማኑኤል ነው፤ አጥፍቶት ቢሆን ምን ይደግማሉ፣ ምንም፣ እናቴ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። ዛሬ ማታ አውቶብስ ውስጥ ሳገኘው ገና ያላልኩት አለ፤ እያዘጋጀሁት ነው፣ ሐሙስ ያልኩት ለዚህ መግቢያ ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ትመታለች።

ስልኩ ጮኸ።

«ሒኩ! ሒኩዬ! ተኝተሻል እንዴ?»

«ምን ሆነች?»

«ማን?»

«እማ! ምን ሆነች?»

«ምንም! ኧረ ስሚኝ፣ ውጪ ወጥቼ ነው፣ ድንኳኑ ጋ ነኝ። ሀይረዲን ነው!»

«ሀይረዲን ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ አይደለም፣ ተሳዳቢው! ቪዲዮው! እሱ ነው!»

ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፤ ከኋላው የሰው ሁካታ አለ፤ እዚያ ያለሁ ይመስለኛል። አቶ ጉዲሳ የሙህሲንን ስልክ ተቀብለው ለቅሶ በሚነገርበት ድምፅ ማጉያ ላይ አስገጥመውታል። «ዝም በሉ፣ የተባለውን እንስማ» ብለው ከፈቱት። ሌባ፣ ጆሮ ጠቢ፣ ድንኳኑን ሞላው። «ይህንን ያለ ሰው ካለ ይነሳና ይድገመው፤ እትዬ ሐጀራ ይኸው ተቀምጠዋል» አሉ። ማንም አልተነሳም። እንደገና ከፈቱት። ሰዉ መተያየት ጀመረ። ሦስተኛ ሊከፍቱት ሲሉ እናቴ እጇን አነሳች።

«ሀይረዲን፣ ልጄ፣ ተነስ» አለች።

«እኔ? እትዬ፣ ወላሂ—»

«አትማል። ተነስ ብቻ።»

ተነሳ። እኔ አላልኩም አለ። አቶ ጉዲሳ ለአፍታ አዩትና «እስቲ እንደ ሰሞኑ ተጣራ» አሉት። «በየጠዋቱ በሩ ላይ ጠያቂ ስትጠራ እንደምትለው።» እንቢ አለ። ተጣራ አለው ሰዉ በሙሉ፣ ሴቶቹ እየሳቁ፣ አንዷ «እኛ እንኳን እናውቀዋለን፣ ከእንቅልፋችን የሚቀሰቅሰን እሱ አይደል!» ብላ። ተጣራ። «ስልክ እዚህ! ስልክ በታማኝነት! እዩን፣ እዚህ!» አቶ ጉዲሳ ቪዲዮውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈቱት። እዩዋት። ያው ጉሮሮ፣ ያው መጎተት።

«ከዚያ ድገመው አሉት» አለኝ ሙህሲን። «እማ ዓይኑን እያየችው። 'ይቺ ናት' አለ። ከዚያ ቆመ። እንደገና 'ይቺ…' አለ። አልቻለም ሒኩ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወላሂ አሳዘነኝ። ነገ ጠዋት ጠያቂው ሲሰለፍ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚያው ጉሮሮው፣ ውሸቴን ነው፣ ስልካችሁን ለእሷ ስጡ ብሎ እንዲጣራ ፈረዱበት። በየቀኑ፣ እሷ በቃ እስክትል። ኪዮስኩን አትንኩበት አለች እማ፣ ልጅ አለው።»

«ድምፁን ታውቀው ነበር» አልኩት።

«ከሰኞ ጀምሮ! ሰኞውኑ ነገረችኝ። ግን እኔ ብቻዬን ብለው ማን ያምነኛል፣ ይክደኛል፣ ዘመዷን ከሰሰች እባላለሁ አለች። ሰው ሁሉ በጆሮው ይስማ አለች።»

ሳቄ መጣ። «እንኳን ያ ፈሪ አላጠፋው!» አልኩ። «ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ…»

«ባይኖርማ ሀይረዲን 'ማን አለ? የታለ?' ብሎ ቁጭ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሒኩ… አትቆጪኝ። መልእክቱ መጥቶ ነበር።»

«የቱ መልእክት?»

«እንግሊዝኛው። ለእማ አነበብኩላት። ይጥፋ ወይ ይላል አልኳት። አይ በል፣ ይቆይ በል አለችኝ። ለሒክማ አትንገር፣ ትናደዳለች፣ ሥራዋን ትጥላለች አለች። አይ የሚለውን ተጫንኩ። ከታች ደግሞ ምክንያት ካለዎት ይጻፉ ይላል። እንግሊዝኛ ቸገረኝ፣ በአማርኛ 'እሁድ እድር አለ' ብዬ ጻፍኩበት።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ መጣ ወይ ብለሽ የደወልሽ ቀን፣ ከመደወልሽ በፊት። ቆይ፣ እማ ነች፣ ምሳ በላሽ ወይ ብላ ጠይቃት እያለች ነው።»

የደወልኩት ረቡዕ ማታ ነው። መልሱ የተላከው ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ቀን ነው። ዘአማኑኤል «እሁድ እድር አለ» የሚለውን አንብቦ ይቆይ ያለው ረቡዕ ሌሊት ነው፤ ከእኔ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀምጦ ነበር፤ የተጠየቀ ሰው የመለሰው ለልጁም አይነገርም፣ ይህንን ሕግ ያስተማረኝ ራሱ ነው። እኔ በአውቶብስ ሙሉ ሰው ፊት ፈሪ ያልኩት ሐሙስ ጠዋት ነው።